ከጋፋት ምድጃ እስከ አሮጌው ትራክተር

በ1858 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ሚስዮናዊውን ዮሐን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩት፣ የሚፈልጓቸው ባለሙያዎችና መሣሪያዎች ዝርዝርም ለንደን ደረሰ። ጠመንጃ ሠሪ፣ የመድፍ መኮንን፣ ብረት አቅላጭ፣ ጀልባ ሠሪ፣ እንዲሁም ሠረገላና መንኮራኩር የሚሠራ ሰው ጠይቀዋል። ከሰዎቹም ጋር ለማቅለጫው የሚሆን አነስተኛ የእንፋሎት ሞተርና የብረት መቅረጫ ቶርኖ እንዲመጣላቸው ፈልገዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጠመንጃውንና መድፉን ነው። መንኮራኩር ሠሪውና የእንፋሎት ሞተሩም ግን ሊጠቀሱ ይገባል። በራሱ ጉልበት እየተጓዘ ሸክም የሚስበውና መሬት የሚያርሰው ማሽን በዓለም ላይ የተገኘው ሞተርና መንኮራኩር ሲገናኙ ነውና።

የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹን ቀጠረ፣ መሣሪያዎቹንም ገዛ። በ1866 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ሁሉም ምጽዋ ደረሱ። ይሁን እንጂ በቴዎድሮስ እጅ ያሉት አውሮፓውያን እስረኞች አስቀድመው እንዲለቀቁ ለንደን ትፈልግ ነበር፤ ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹ እንዲቀድሙ ፈለጉ። ወራት አለፉ። በ1867 እ.ኤ.አ. ሰዎቹም ማሽኖቹም ከምጽዋ ወደመጡበት ተመለሱ። የእንፋሎቱ ሞተር ደጋውን ሳያይ ቀረ።

ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ግን ሥራው ያለ ሞተርም ይካሄድ ነበር። በባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡት ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን በዚያ ሰፍረው ነበር። ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር እንዲያስተምሩ የተላኩ ናቸው እንጂ መድፍ ስለማቅለጥ የተማሩት ነገር አልነበረም። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ አንችልም አሉ፤ ቴዎድሮስ ግን ይህን መልስ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ምድጃው ተሠራ፣ ከሸፈ፣ እንደገና ተሠራ። ከፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ጋር ተረዳድተው በስተመጨረሻ ብረቱ ቀልጦ በቅርጹ ውስጥ ፈሰሰ። የአገሬው ወጣቶችም አብረው እየሠሩ ሙያውን ይቀስሙ ነበር። የጋፋት ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀቱ የተገኘው በመሞከር፣ የተበላሸውን በማፍረስና ዳግም በመሥራት ነው።

ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። መድፉን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ከጋፋት መቅደላ ማድረስ ሌላ። ንጉሡ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ በሠረገላ የተጫነውን መድፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይስቡት ነበር። በጋይንትና በቤተ ሆር በኩል አልፈው የጂዳን ገደል ወረዱ፤ ደላንታን ተሻግረው፣ በሽሎን አቋርጠው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። ቋጥኝ እየፈነቀሉ፣ ዳገቱን እየቆረጡ መንገድ ሠሩ፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በጊዜው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ግማሽ ዓመት በዚያ መሬት ላይ ሰባት ቶን የተሸከመ ሠረገላ ሲጓዝ፣ መንኮራኩሩንና ጠፍሩን እየተከታተለ የሚጠግን ሰው ከጎኑ ባይኖር ኖሮ ጂዳን አይሻገርም ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሞቱ። የጋፋት አውሮፓውያን እስረኞቹን ለማስፈታት ከዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ ቅጂውም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ብረቱ ሐውልት አገኘ። ምድጃውን ያነደዱት፣ ወናፍ የነፉት፣ መንኮራኩር የጠገኑት ወጣቶች ስም ግን እንደ ሴባስቶፖል አልታወሰም። ይህ አለመመጣጠን ከዚያ በኋላ በመጣው የማሽን ታሪካችን ሁሉ ውስጥ ይታያል።

የጋፋት ምድጃ ከመለኮሱ በፊትም ሆነ ከጠፋ በኋላ በዚህ ደጋ ሳያቋርጥ የኖረ አንድ የጥገና ሙያ አለ። የእብናት፣ የፋርጣና የበለሳ ገበሬ ሞፈሩ ሲሰበር ራሱ እንጨት ቆርጦ፣ ጠርቦ ይተካል። ድግሩን፣ እርፉንና ቀንበሩን በቤቱ ይሠራል። ማረሻው ሲዶለዱም ግን ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል። በጎንደር አውራጃዎች ይህን ሥራ ለዘመናት ከያዙት ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ያለ እነሱ መዶሻ እርሻ አልነበረም፤ ይሁንና ማረሻውን የሚያስለው ሰው ጠይብ እየተባለ ተሰደበ፣ ቡዳ እየተባለ ተፈራ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማወጃቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ዐዋጁ ለዚያ ጊዜ ብርቅ ነበር፤ ልብን መቀየር ግን ከዐዋጅ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ብረት የሚነካን እጅ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ማኅበረሰብ ማሽን ሊገዛ ይችላል፤ ማሽኑን ማኖር ግን ይቸግረዋል።

ጉልበት ከበሬ ሌላ ምንጭ እንደሚያስፈልገው ያሳየን ደግሞ ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ጠራርጎ ፈጀው፤ መሬት እያለ የሚያርሰው ጠፋ። ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ተመዝግቧል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ እብናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች የተጠለሉባት የእርዳታ ጣቢያ ነበረች። ከዚያ ወደ ቀዬው የተመለሰ ገበሬ በሬው ሞቶበት ወይም ሸጦት ነበርና ዝናብ ቢመጣም የሚጠምደው አልነበረውም። በዚህ አገር የትራክተር ጉዳይ ከዘመናዊነት ፍላጎት ይልቅ ከበሬው እጦት ጋር የተያያዘ ነው።

ያለ ሐዲድ የሚስበው የመጀመሪያው ማሽን ግን ለእርሻ አልመጣም። በ1904 እ.ኤ.አ. አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ ማሽን ለምኒልክ አስመጣ። የባቡር ሐዲዱ ያኔ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና ቀሪውን መንገድ በሐዲድ ሊመጣ አይችልም ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው፤ ለመንገድ ሥራም ዋለ። ቴዎድሮስ ከጠየቁት የእንፋሎት ሞተር አርባ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ ሞተርና መንኮራኩር በአንድ አካል አዲስ አበባ ገቡ። ያ ማሽን የሚጠራው ባስመጣው ሰው ስም ነው። እሳቱን ያነደደው፣ ውኃውን የሞላው፣ ቧንቧው ሲያፈስ የደፈነው ሰው በስሙ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ትራክተር በብዛት ማሳ ላይ የታየው ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ የሑመራ ሰሊጥና ማሽላ እርሻ ማሽኑን አስፋፉት። በጭላሎ የመሬት ባለቤቱ ትራክተር ሲገዛ ጭሰኛው የተፈናቀለበት ጊዜም ነበር፤ ይህም ሊረሳ አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ከሆነ በኋላ ማሽኖቹ ወደ መንግሥት እርሻዎች ሄዱ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞ ቤላሩስ የተባለው ትራክተር እዚሁ ይገጣጠም ጀመር። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1963 እ.ኤ.አ.፣ እንዲሁ በሶቪየቶች ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የእርሻ መካኒክነትን ከመጀመሪያ የትምህርት ዘርፎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ይህ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ማሽኑ በብዛት ከመምጣቱ በፊት የሚጠግነውን ሰው ማዘጋጀት ማለት ነውና።

እነዚያ አሮጌ ትራክተሮች ዛሬ ጎማቸው ሰምጦ፣ ሣር በቅሎባቸው በየግቢው ቆመዋል፤ ወይም ተቆራርጠው ለብረት ማቅለጫ ተሸጠዋል። ከቆሙት ብዙዎቹ ግን አልሞቱም። የማሴ ፈርጉሰን 135ን እንመልከት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የወጣው ይህ ትራክተር ሦስት ሲሊንደር ያለው የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አለው። ኮምፒውተር የለውም፤ የሚታይ፣ የሚነካ፣ የሚፈታ ብረት ነው። ለዓመታት ቆሞ የተያያዘ ሞተር ሲገኝ ጥበቡ ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ የሞተር ዘይቱ ወጥቶ ውኃ የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑ ይታያል። በየሲሊንደሩ ናፍጣና ዘይት ተጨምሮ ለቀናት ይተዋል፤ ከዚያ ሞተሩ በእጅ፣ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ይሞከራል። በጉልበት የሚቸኩል ሰው የፒስተን ፋሻ ይሰብራል። ሞተሩ ሲላቀቅ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይወርዳል፣ ባልቦላዎቹ ይሞረዳሉ፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፤ ብሮንዚኖቹና ኮሎው ይለካሉ። ታንከሩ ይታጠባል፣ ፊልትሮው ይለወጣል፣ ፖምፓውና ኑዝሎቹ ይፈተሻሉ፣ ከናፍጣው መስመር አየር ይወጣል። ገበያ ላይ የጠፋ ዕቃ ካለ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል።

እንዲህ ያለውን ሥራ አገራችን ታውቀዋለች። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ከውጭ የማይመጣውን ዕቃ እዚያው እየቀረጸ የፈረንሳይ ዘመን ባቡሮችን ለአሥርተ ዓመታት አንቀሳቅሷል። የመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ሁሉ ዳግም ሥራ የሚያገኝበት ሰፈር ነው። በየገጠር ከተማው የወፍጮ ሞተር የሚያድሰው መካኒክ የአንድ ወረዳ እንጀራ በእጁ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ አሮጌ ቮልስዋገናቸውን ለፍቅር ሲሉ ቀለም ቀብተው፣ ሞተሩን አውርደው የሚያድሱ ሰዎች አሉ። የጎደለን ችሎታው አይደለም፤ ይህን ፍቅር ወደ እርሻ መሣሪያዎቻችን ማዞሩ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ማድረግ ከጀመረ ቆይቷል። በእንግሊዝ ዶርሴት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሰዎች ያደሷቸውን የእንፋሎት ማሽኖች ይዘው በትልቅ ባዛር ይሰበሰቡ ነበር። አሜሪካውያን ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፉትን ትንንሽ የጓሮ ትራክተሮች ያሰባስባሉ፤ በ1946 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን ዊል ሆርስ፣ በ1961 የወጣውን ከብ ካዴት፣ በ1963 የመጣውን ጆን ዲር 110። የአባቱን ትራክተር ከጎተራ አውጥቶ፣ ከልጁ ጋር ፈታቶ የሚያስነሣ ሰው ትርፍ አይፈልግም። ልጁ ግን የማርሽ አሠራር፣ የቅባት ጥቅም፣ የብረት ልኬት በእጁ ይማራል። የታደሰው ማሽንም አያት እንዴት ያርስ እንደነበር ያስረዳል።

ጋፋትና እብናት ለሚገኙባት ደቡብ ጎንደር ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከመዝናኛ ያልፋል። የጉና ተራራ ሥር ማሳዎች ጠባብ፣ ተዳፋትና ድንጋያማ ናቸው፤ ትልቅ ትራክተር አይዞርባቸውም። ባለፉት ዓመታት በተለያዩ የአገራችን አካባቢዎች የተሞከሩት ባለሁለት ጎማ፣ በእጅ የሚነዱ ትራክተሮች ግን ለእንዲህ ያለ መሬት ይቀርባሉ። ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተራቸው ያርሳል፣ ውኃ ይስባል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ ይወቃል። ሲበላሹ በአቅራቢያ የሚጠግን ከሌለ ግን እነሱም እንደ ታላላቆቻቸው ሣር ይበቅልባቸዋል። የዛሬውን ማሽን የሚያድን እጅ የሚሠለጥነው የትናንቱን ማሽን በመፍታት ነው።

መነሻው በእጃችን ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ጋፋት ብሎ ሰይሟል፤ ስሙ አደራ አለበት። በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በቀድሞ የመንግሥት እርሻዎችና በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግቢ የቆሙ አሮጌ ትራክተሮችና የወፍጮ ሞተሮች በጨረታ ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጣቸው በፊት ይመዝገቡ፤ ከየዓይነቱ ቢያንስ አንዱ ይቅር። ተማሪዎች ከጡረተኛ መካኒኮች ጋር ሆነው ያስነሧቸው። በማሽኑ ላይ በሚለጠፈው ጽሑፍም ከፋብሪካው ስም ጎን የነዳው ሾፌርና የጠገነው መካኒክ ስም ከነዘመኑ ይጻፍ፤ በሕይወት ያሉትም ቀርበው ይመስክሩ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋልና ምዝገባው ከማሽኑ ይልቅ ከእነሱ ቢጀምር ይሻላል።