አሞኒያ በደም፦ የሽንት መተላለፊያ ችግር ያለባቸው ሕፃናት

ጉበቱ ጤነኛ የሆነ ሕፃን በድንገት ያስመልሰዋል፣ ይፈዝዛል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል። መንስኤው ፊኛ ውስጥ የታቆረ ሽንት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ብርቅ ነው። የሽንት መውጫቸው በቫልቭ ተዘግቶ የሚወለዱ ወንዶች ልጆችና ፊኛቸው ከልክ በላይ የተለጠጠ ሕፃናት ይጋለጣሉ። በማይወጣው ሽንት ውስጥ እንደ ፕሮቲየስ ያሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ዩሪኤዝ በተባለው ኢንዛይማቸው ዩሪያን ወደ አሞኒያ ይቀይራሉ። ከአንጀት የሚነሳው አሞኒያ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይጣራል፤ ከፊኛ የሚገባው ግን ጉበትን ሳይነካ በዋናው የደም ዝውውር አንጎል ይደርሳል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕክምና ቢታወቅም ዛሬ ሕፃናትንም ያክማል። ሽንቱ ጠብ ጠብ የሚል፣ ከእምብርቱ በታችም ያበጠ ወንድ ልጅ ያላቸው ወላጆች ትኩሳት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ወደ እንዲህ ያለ ሆስፒታል ቢወስዱት ይበጃል።

ለአሞኒያ ምርመራ የተቀዳው ደም በበረዶ ተይዞ ቶሎ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ከቆየ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ሕክምናው ሽንቱን በካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ማስወጣትና አንቲባዮቲክ መስጠት ነው፤ መዘጋቱ ራሱ በኋላ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ሽንቱ ወጥቶም አሞኒያው ካልቀነሰ፣ በዘር የሚወረስ የዩሪያ ዑደት ሕመም መፈለግ አለበት።