የብርሃን ከተማ፣ የውርጭ ወር

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው የኅዳርን መግባት የሚያውቀው በጆሮው ጫፍ ነው። ማለዳ በር ከፍቶ ብቅ ሲል ጆሮው ይለበለባል። የግቢው ሣር ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል፤ ሌሊቱን ውጭ ያደረው የባልዲ ውኃ በላዩ ስስ በረዶ ይዟል፤ የጋሪ ፈረሶች በአፍንጫቸው እንፋሎት እየተፉ ቆመዋል። ልጆች ሳለን ያንን የባልዲ በረዶ በጣታችን እየሰበርን እንደ ከረሜላ እንመጠው ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ፀሐይዋ ከፍ ትላለች፤ ያ ሁሉ ነጭ ነገር የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። ስድስት ሰዓት ላይ ኮቱን አውልቆ ጥላ የሚፈልግ ሰው ታያላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ብርዱ እንደ አበዳሪ ተመልሶ ከደጅ ይቆማል።

በእኛ የዘመን አከፋፈል ይህ ጊዜ መፀው ነው፤ መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። መፀው ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አደይ አበባው ነው፤ የከተማ ሰው በተለይ የወቅቱን መጀመሪያ ብቻ ያውቃል። ዘመነ ጽጌ ግን በኅዳር መጀመሪያ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የመፀው ግማሽ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ የውርጭ ነው። ስለዚህኛው ግማሽ ብዙም ሲጻፍ አላየሁም።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ የቀኑ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ፣ የሌሊቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በአንዳንድ ሌሊቶችም ከዜሮ ያልፋል። ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሰማዩን የሸፈነው ደመና ይበተናል፤ አየሩም ይደርቃል። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ መልሳ ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር ኖሮ ሙቀቱን ይዞ መልሶ ያለብሳት ነበር። ሰማዩ ከጠራ ግን የሚያስቀረው የለም። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከሞቃቱ ይከብዳልና እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይተኛል። የላይኛው ማሳ ተርፎ የታችኛው የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀዝቃዛ አየርን ክብደት በዓይኑ ማየት የሚሻ የአዲስ አበባ አንባቢ ኅዳር 12 ማለዳ ከቤቱ ይውጣ። ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከተማይቱን ከመታ ወዲህ፣ በየዓመቱ በዚያ ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ነው። ጭሱ ሽቅብ አይወጣም፤ በየመንገዱ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ከላዩ ሞቅ ያለ አየር፣ ከሥሩ የሌሊቱ ብርድ አለ።

ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ። የከተማዋን ስም ያወጣው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ሰምታችሁታል፦ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ቤተ መንግሥቱንም እዚያው ተከለ። ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ግን አለ። ብርሃኑ የታየው፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ከተወገሩ ከሠላሳ ስምንት ቀን በኋላ ነው፤ ንጉሡም ብርሃኑን እግዚአብሔር ሥራውን እንደ ወደደለት ምልክት አድርጎ ወሰደው። ስለዚህ ያ ስም በልጅነቴ ይመስለኝ እንደ ነበረው የደስታ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ያሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ ኮከቡ ጎልቶ የታየው ግን በሰኔ ግድም ነው፤ የአገሩ ትውፊት ብርሃኑን የሚያኖረው በመጋቢት ነውና ነገሩ በደንብ አይገጥምም። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም። የእኔ ጥያቄ ወደ ምድር የቀረበ ነው፦ ለመሆኑ ያ ሁሉ ሰው በኅዳር ምን ነደደለት?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ከተማቸው ድንኳን ነበረች፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህ መንከራተት ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ማገዶ ነው፤ አጃቢው፣ ወታደሩና አገልጋዩ በሰፈረበት ዙሪያ ያለው እንጨት ቶሎ ያልቃል። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከመጨረሻዎቹ አሥራ አራት የንግሥ ዓመታቱ አሥራ ሁለቱን ያህል ደብረ ብርሃን ተቀመጠ። ዜና መዋዕሉ የቤተ መንግሥቱን በሮች፣ የሹማምንቱን ማዕረግ፣ ማን በየት በኩል እንደሚገባ ሳይቀር በዝርዝር ይነግረናል። ስለ እሳቱ አይነግረንም። አሥራ ሁለት ኅዳር ማለት አሥራ ሁለት ጊዜ በረዶ የያዘ እንስራ፣ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ የቆመ ዘበኛ፣ ከሩቅ እንጨት ተሸክማ የምትመጣ ሴት ማለት ነው። ያችን ሴት ከገጹ ላይ አጥቼ በጸሐፊው ብዙ ጊዜ ተቀይሜያለሁ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ልጁ ዐፄ በእደ ማርያም ደብረ ብርሃንን ትቶ ወደ አባቶቹ የድንኳን ኑሮ ተመለሰ።

አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ተመሳሳይ ነገር በእንጦጦ ሆነ። ምኒልክ ከተማቸውን ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ተራራ ላይ ቆርቁረው ነበር። ለጠላት አይመችም፤ ለሰውም አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ አንድ ነገር ሆኖ፣ እንጨቱም በዙሪያው አለቀ። ከሥር ፍል ውኃ ነበር። ጣይቱ ብጡል ፍል ውኃውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም እየተከተሉ ወረዱ። የአዲስ አበባ ልደት ተብሎ የሚታሰበው ቀን ኅዳር 14 ቀን 1879 ዓ.ም. ነው። ወሩን ልብ በሉልኝ። ቀኑን ማንም አስቦበት አልመረጠውም ይሆናል፤ ነገር ግን በኅዳር አጋማሽ እንጦጦ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ፍል ውኃ ለምን እንደሚጎትት ማስረጃ አይጠይቅም።

በእነዚህ በሁለቱ ታሪኮች መካከል አንድ እንግዳ አለ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራ በኩል፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያለውን የአሳልን ሐይቅ አልፎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ውሉን የተፈራረሙት በዚያው ዓመት ኖቬምበር 16 ቀን ነው፤ በእኛ በ1834 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ መሆኑ ነው። ቦታው አንጎለላ፣ ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ ያለችው፣ በኋላ ምኒልክ የተወለዱባት ናት። በሰኔ በዚያ እቶን ውስጥ የተጓዘ ሰው በኅዳር አንጎለላ ላይ ብዕር ሲይዝ ጣቱ እንዴት እንደ ታዘዘለት እንጃ! ውሉ ከወረቀት ብዙም ፈቅ ሳይል ቀረ።

ነገሥታቱ ወረዱ፤ እንግዶቹም ሄዱ። የቀሩት ብርዱን ማምለጥ የማይችሉት ናቸው፤ ከብርዱ ጋር የመኖርን ብልኀት ያወጡትም እነሱ ናቸው። የመንዝ በግ ጸጉሩ ሸካራና ረጅም ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባና ይሆናል፣ ዝተት ይሆናል፣ ለዝናብና ለነፋስ በርኖስ ይሆናል። ባና ይቧጭራል፣ በግ በግ ይሸታል፣ ይከብዳል፤ ከሥሩ የተኛ ሰው ግን ውርጩን ጠዋት በመስኮት ነው የሚያየው። በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ መከፈቱም ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። ስንቱ የአገራችን ሰው ደብረ ብርሃንን ሳያያት «የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ» ለብሶ ተኝቷል! ማገዶውም ሌላ ብልኀት ነው። ዛፍ በጠፋበት ደጋ ኩበት ይነዳል፤ ኩበት የሚደርቀው ደግሞ በዚሁ ዝናብ በሌለው በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ነው። አንዱ ወር ብርዱንም ማገዶውንም ይዞ ይመጣል።

ብልኀት ያልተገኘለት ማሳው ነው። በሰኔ የተዘራ ገብስ በጥቅምትና በኅዳር ፍሬ ሲቋጥር ውርጭ ያገኘዋል። ደርቆ የቆመውን ምንም አይለውም፤ ወተት የያዘውን ግን ባዶ ገለባ ያደርገዋል። ስለዚህ በከፍታው ያለ ገበሬ የበልግን ዝናብ ከያዘ ደስ ይለዋል፤ በየካቲት ዘርቶ በሰኔ ያጭዳል፤ ውርጩ ሲመጣ ማሳው ባዶ ነው። በልግ ግን እምነት የሚጣልበት ዝናብ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ላንሣ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የአያቴ ማሳ ከወንዙ ዳር፣ ረባዳው ላይ ነው፤ ግማሹ ባቄላ፣ ግማሹ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቆይቶ ወጥቶ ሁሉም ነገር እሸት ነበር። አንድ ማታ አያቴ ደጅ ወጥታ ሰማዩን አየች። ነፋስ የለም፤ ኮከቡ ሁሉ ወጥቷል። እኔ ኮከብ መቁጠር ጀመርሁ። «አንተ ልጅ፣ ግባ» አለችኝ፤ «ይኼ የሚያምር ሰማይ አይደለም።» ጠዋት ማሳው ሁሉ ነጭ ነበር፤ ለዓይን እንኳ ያምር ነበር። ፀሐይ ስትመታው ባቄላው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ፤ ከሰዓት በኋላ ጠቆረ። ገብሱ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ቀረ፤ አያቴ አንድ ዛላ ቀጥፋ በጣቷ ፈተገችው፤ ከመዳፏ ላይ እፍ ስትለው የቀረ ነገር አልነበረም። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልተቃጠለም። ከዚያ ዓመት ገና በኋላ ነው እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ የተላክሁት፤ አንድ አፍ ይቀነስ ተብሎ። ጋዜጠኝነት የተማርሁትም፣ ይህን የምጽፈውም በዚያ ሌሊት ሰበብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታናሽ እኅቴ ግን እዚያው ቀረች፤ ትምህርቷንም በዚያው ዓመት አቋረጠች። አያቴ ዛሬ የለችም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። ከወለጋ የተፈናቀሉም ነበሩ። ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት ገባ፤ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ሸራ ሥር፣ ፕላስቲክ ሥር። በአንዱ መጠለያ ማለዳ ደርሼ ነበር። አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ በባዶ እግሩ ቁጢጥ ብሎ ከፕላስቲኩ ላይ ነጩን ነገር በጣቱ እየጠረገ ይቀምሳል። ከቆላ የመጣ ነው። እናቱን «ጨው አይደለም» አላት፤ ቅር ብሎታል። እናቱ ሌሊቱን ሦስቱን ልጆች በአንድ ነጠላ ጠቅልላ ተቀምጣ ማደሯን ነገረችኝ። «አገሩ ቀን ቀን ደግ ነው» አለች፤ ሌሊቱን አላነሣችውም። የከተማው ሰው ያለውን አውጥቷል፤ ባናም፣ ጋቢም፣ አሮጌ ብርድ ልብስም አይቻለሁ። ሁሉንም አላዳረሰም።

ያቺን የአያቴን ማሳ የሚያርሳት አሁን አጎቴ ነው። ረባዳውን ለሣር ትቶታል፤ ባቄላውን ወደ ዳገቱ አውጥቶታል፤ ቶሎ የሚደርስ ገብስ ይዘራል። ያለፈው ኅዳር እሱ ዘንድ ነበርሁ። ራት በልተን እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ተነሥቶ ወጣ፤ ተከትዬው ወጣሁ። አንገቱን ቀና አድርጎ ብዙ ቆየ። ከተርማ በር በኩል ስስ ደመና እየተጎተተ መጥቶ ግማሹን ሰማይ ሸፍኖታል፤ ኮከብ አንድ ሁለት ብቻ ይታያል።

«ምን ይላሉ ጋሼ?» አልሁት።

«ደመና አለ» አለኝ፤ ጋቢውንም ሰብሰብ አደረገ። «ዛሬ እንተኛለን።»