ጠገራ፣ ሽልንግና ወረቀት

በዚህ ካምፕ ያሉ አዛውንቶቻችን ሃምሳ ሳንቲምን እስከ ዛሬ «ሽልንግ» ይሉታል። ወጣቶቹ ይስቃሉ። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ምክንያቱን እስክናነብ ድረስ እንስቅ ነበር።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ በአገራችን ገበያ የማርያ ትሬዛ ጠገራ፣ የጣልያን ሊሬ፣ የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒ ሳይቀር ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። እንግሊዞች ገንዘባችሁ ለንደን በሚቀመጥ ቦርድ ይተዳደር አሉ፤ መንግሥት እምቢ ብሎ ወደ አሜሪካ ዞረ። በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በገዥነት ይመሩ የነበሩት፣ እስከ 1941 ዓ.ም. የቆዩት አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስ ናቸው።

እኚህ ሰው የገጠማቸው ወረቀት የማያምን ሕዝብ ነው። አለማመኑም ትክክል ነበር። የአቢሲንያ ባንክም ሆነ በ1923 ዓ.ም. የተተካው የኢትዮጵያ ባንክ ያወጡት ኖት ከከተማ ብዙ አልራቀም፤ ወረራው ሲመጣም ባንኩ ራሱ ተዘጋ። ገበሬው ግን ጠገራውን በማሰሮ ቀብሮ አተረፈ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ የ3 ወር ጊዜ ሲሰጥ ከድንበር ወዲህ ሆነን ያለፈን አለን፤ አሮጌውን መቶ ብር በጨርቅ ጠቅልሎ ሻንጣ ሥር ያኖረ ሰው የማሰሮውን ገበሬ ጅል አይለውም።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ እንግዲህ ወረቀቱ ብቻውን አልመጣም። አሜሪካ ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ የብር ማዕድን አበድራ ስለነበር ሃምሳ ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተሠራ። አንድ የኢትዮጵያ ብር በ2 ሽልንግ ተመነዘረ፤ ሃምሳ ሳንቲሙም ሽልንግን ተክቶ ስሙን ወረሰ። በእኛ ግምት ወረቀቱን ገጠር ያስገባው ይህ ሳንቲም ነው።

ብሎወርስ በ1944 ዓ.ም. ደግሞ ጅዳ ላይ የተቋቋመው የሳዑዲ አረቢያ የገንዘብ ድርጅት ገዥ ሆኑ። የድርጅቱ ሕግ የወረቀት ገንዘብ ማውጣትን ይከለክል ነበር። ሐጃጆች ግን ከባዱን የብር ሪያል ተሸክመው ይደክሙ ስለነበር በ1945 ዓ.ም. በብር የሚመለስ የ10 ሪያል «የሐጃጆች ደረሰኝ» ታተመ። ገንዘብ አይባልም፣ ደረሰኝ ነው። የጅዳና የመካ ነጋዴ ደረሰኙን ተቀበለ፤ ሐጁ ካለቀ በኋላም ብዙው ወደ ድርጅቱ ሳይመለስ ከኪስ ወደ ኪስ ሲዞር ቀረ።