በእጅ የማይጨበጥ ንብረት፤ የኮምፒዩተር ወንጀልና ቅጣቱ በአሜሪካ ግዛቶች

ሕግ ዘወትር የሰውን ሥራ ተከትሎ ይመጣል። ሰው አስቀድሞ ያርሳል፥ ይነግዳል፥ መኪና ይሠራል፤ በሠራው ነገር ላይ በደል በተነሣ ጊዜ ደግሞ ዳኛ ይፈልጋል። ዳኛውም በፊቱ የተጻፈውን ሕግ ገልጦ ይመለከታል። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ከብት ወይም እህል በጠፋ ጊዜ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ የሚመረምረው «ማን ወሰደው?» የሚለውን ጥያቄ ነበረ እንጂ «ለመሆኑ የጠፋ ነገር አለን?» ብሎ የሚከራከር አልነበረም። የተሰረቀው በሬ ከበረቱ ጎድሎ ለዓይን ይታያልና።

ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና ከተፈጠረ በኋላ ግን ይህ ቀላል የመሰለው ነገር እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በዚህ መኪና ውስጥ የተከማቸውን ጽሑፍና ሒሳብ ሌባ ገልብጦ ሲሄድ፥ ዋናው በባለቤቱ ዘንድ ሳይጎድል ይቀራል። ሌላው ሰው ደግሞ ምንም ሳይወስድ፥ መኪናው የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ ይሄዳል። ይህን ሰው ሌባ እንበለውን? ሌባ ካልነውስ በየትኛው ሕግ፥ በምን ያህል ቅጣት እንቅጣው? ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው በፍርድ ቤትና በምክር ቤት የተከራከሩበት የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግዛቶች ስለ ሆኑ፥ የክርክሩን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ለሕግ ተማሪም ሆነ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚጠቅም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የአገራችን ሕግጋት ከሚነሡበት ክፍል በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክር ቤት፥ የራሳቸው ፍርድ ቤትና የራሳቸው የወንጀል ሕግ አላቸው። የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ከበላይ ቢኖርም፥ ሌባንና ወንበዴን የመቅጣቱ ተራ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የግዛቶቹ ነው። ሕጋቸው በአብዛኛው ከእንግሊዝ አገር የተወረሰ ሲሆን፥ በዚያ አሮጌ ሕግ ዘንድ ስርቆት ማለት በእጅ ሊዳሰስና ከቦታ ወደ ቦታ ሊወሰድ የሚችልን የሌላ ሰው ንብረት አንሥቶ መሄድ ነው። የሰው ጉልበትና አገልግሎት ግን በእጅ ተይዞ የሚሄድ ስላልሆነ በስርቆት አይቈጠርም ነበር።

ይህ አሮጌ ትርጓሜ ከአዲሱ መኪና ጋራ ከተጋጨባቸው የመጀመሪያዎቹ ክሶች አንዱ በቴክሳስ ግዛት የታየው ነው። በዳላስ ከተማ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው 59 የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ወስዶ፥ ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ በአምስት ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ሲደራደር ተያዘ። ጠበቃው የተከራከረው ፕሮግራም ንብረት አይደለም፥ የተወሰደው ወረቀት ብቻ ነው በማለት ነበር። ዳሩ ግን የቴክሳስ ሕግ ዋጋ ያለውን ማንኛውንም ጽሑፍ ንብረት ብሎ ይቈጥር ስለ ነበረ፥ የግዛቱ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1966 ዓ.ም. የአምስት ዓመት እስራቱን አጸናው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ሰውየው ሊቀጣ የቻለው ፕሮግራሙ በወረቀት ላይ ተጽፎ ስለ ተገኘ መሆኑ ነው። በወረቀት ፈንታ በሽቦ ውስጥ ቢተላለፍ ኖሮ የክርክሩ ፍጻሜ ምን ይሆን እንደ ነበረ መገመት ያስቸግራል።

ችግሩ ፈጽሞ የተገለጠው በቨርጂኒያ ግዛት ነው። በቨርጂኒያ ፖሊቴክኒክ ተቋም ለዶክትርና ማዕረግ ይማር የነበረ አንድ ተማሪ ለጥናቱ ኮምፒዩተር ያስፈልገው ነበር። መምህሩ የሚገባውን ፈቃድ ሳያወጣለት ስለ ቀረ፥ ተማሪው የሌሎችን የትምህርት ክፍሎች የሒሳብ ቍጥር እየተጠቀመ በመኪናው ሲሠራ ቈየ። የተጠቀመበት ጊዜ ዋጋ ከ26,000 ዶላር በላይ ተገመተ። በከባድ ስርቆት ተከሶ የሁለት ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደበት። መምህራን ቀርበው፥ ተማሪው ቢጠይቅ ኖሮ ፈቃዱ ይሰጠው እንደ ነበረ መሰከሩለት። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 ዓ.ም. ነገሩን መርምሮ ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱም የኮምፒዩተር ጊዜና አገልግሎት በእጅ የሚወሰድ ዕቃ ስላልሆነ ሊሰረቅ አይችልም፤ ከመኪናው የወጣው የታተመ ወረቀትም ከውዳቂ ወረቀት የበለጠ ዋጋ እንዳለው አልተረጋገጠም የሚል ነበር።

ይህ ፍርድ ለብዙዎች እንግዳ ነገር መስሎ ታያቸው። በሃያ ስድስት ሺህ ዶላር የተገመተ አገልግሎት ያለ ፈቃድ ተወስዶ፥ ወሳጁ በነጻ ተሰናበተ። ነገር ግን ዳኞቹ ያደረጉት ትክክል ነበረ። ሕግ አስቀድሞ ያልከለከለውን ሥራ ዳኛ «ይህ ሌላውን ይመስላልና» እያለ ቢቀጣ፥ ነገ በማናቸውም ሰው ላይ እንዲሁ ለማድረግ መንገድ ይከፈታልና። ጉድለቱ በሕጉ ላይ ከሆነ የሚያቃናው ሕግ አውጪው ነው። የቨርጂኒያ ምክር ቤትም ይህን ተረድቶ ዓመት ሳይቈይ፥ በ1978 ዓ.ም.፥ የኮምፒዩተር ጊዜና አገልግሎት እንደ ንብረት እንዲቈጠር ደነገገ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ አወጣ።

ራሱን የቻለ ሕግ በማውጣት ግን ፍሎሪዳ ከሁሉ ቀደመች። ለዚህ ያነሣሣት በማያሚ ከተማ በፍላግለር የውሻ እሽቅድምድም ሜዳ የተፈጸመው ማታለል ነው። በዚያ ሜዳ የውርርዱን ገንዘብ የሚያሰላውና የሚያከፋፍለው ኮምፒዩተር ነበረ። በ1977 ዓ.ም. እንደ ተገለጠው፥ ሠራተኞቹ ራሱን መኪናውን መሣሪያ አድርገው፥ እሽቅድምድሙ ካለቀ በኋላ የአሸናፊነት የሐሰት ቲኬት ያትሙ ነበር። የሌላው ተወራራጅ ድርሻ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ስለሚቀነስ በቀላሉ የሚያውቅባቸው አልተገኘም። ይህ ነገር ሲሰማ ሕዝቡ ተቈጣ፤ የግዛቱም ምክር ቤት በ1978 ዓ.ም. የፍሎሪዳን የኮምፒዩተር ወንጀሎች ሕግ አወጣ።

ይህ ሕግ ወንጀሉን በሦስት ክፍል መደበው። አንደኛው በኮምፒዩተር ውስጥ ባለው መረጃና ፕሮግራም ላይ፥ ሁለተኛው በመኪናው በራሱ ላይ፥ ሦስተኛው በተጠቃሚዎቹ ላይ የሚፈጸም ነው። ያለ ፈቃድ መረጃን የለወጠ ወይም ያጠፋ ሰው በሦስተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጫ ያገኘዋል። ይህን ያደረገው ሰውን ለማታለል ወይም ገንዘብ ለማግኘት አስቦ እንደ ሆነ ግን ወንጀሉ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ ብሎ፥ እስራቱ እስከ አሥራ አምስት ዓመት፥ መቀጫውም እስከ 10,000 ዶላር ይደርሳል። በመኪናው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ቅጣቱ በገንዘብ ልክ ተመደበ፤ ከ200 ዶላር ያልበለጠው ጉዳት ቀላል ወንጀል፥ ከዚያ በላይ የሆነው ከባድ፥ 1,000 ዶላር የደረሰው ደግሞ ከዚያም የከበደ ሆነ።

ይሁን እንጂ የፍሎሪዳ ሕግ ከነቀፋ አላመለጠም። ምንም ጉዳት ሳያደርስ፥ ምንም ጥቅም ሳያገኝ፥ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር የገባ ሰው ሁሉ በከባድ ወንጀለኛነት እንዲቈጠር አድርጎ ነበርና። አጥር ዘልሎ ግቢ ውስጥ የቆመና በሩን ሰብሮ ንብረት የዘረፈ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። ከዚህ በኋላ ሕግ ያወጡት ግዛቶች ብዙዎቹ ይህን ተመልክተው ቅጣቱን በደረጃ ከፋፈሉት። ለምሳሌ ኒው ዮርክ በ1986 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ኮምፒዩተርን ያለ ፈቃድ መጠቀምን ብቻውን እስከ አንድ ዓመት የሚያስቀጣ ቀላል ወንጀል አደረገችው፤ ጥፋትና ማታለል ሲጨመርበት ግን ቅጣቱ ይከብዳል።

ስለ ቅጣት ልክ ሲነገር በቴክሳስ የተፈረደውን አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህ ግዛት በ1985 ዓ.ም. ያወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ ከመስከረም ወር መጀመሪያ አንሥቶ ጸና። በዚያው ወር በፎርት ወርዝ ከተማ ከአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሥራ የተሰናበተ የፕሮግራም አዘጋጅ፥ የሻጮች የኮሚሲዮን ሒሳብ የተመዘገበባቸውን 168,000 መዝገቦች እንዲጠፉ አደረገ። የብዙ ሠራተኞች ደመወዝ ዘገየ። በ1988 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ሕጉ እስከ አሥር ዓመት እስራት ይፈቅድ ነበረ፤ የተፈረደበት ግን በሰባት ዓመት ገደብ ሆኖ 11,800 ዶላር እንዲከፍል ነው። በሕጉ የተጻፈው ቅጣትና ዳኛው የሚፈርደው ቅጣት አንድ አለመሆናቸው በዚህ ይታወቃል። የተበደለው ካሣ እንዲያገኝ፥ በዳዩም ሠርቶ እንዲከፍል ማድረግ፥ ከእስር ቤት ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ለመንግሥት ሠራተኛ እጅግ ቅርብ የሆነው ክርክር ግን በኢንዲያና ግዛት የተነሣው ነው። የኢንዲያናፖሊስ ከተማ ሠራተኛ የሆነ አንድ ሰው የራሱን የግል ንግድ መዝገብ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይይዝ ነበር። ጁሪ የሚባሉት የሕዝብ ዳኞች በስርቆት ጥፋተኛ አሉት። ጉዳዩ ሲወርድ ሲወጣ ቈይቶ በ1985 ዓ.ም. የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወንጀሉ ነጻ አወጣው። ከተማይቱ ለመኪናው የምትከፍለው ኪራይ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ በሰውየው ሥራ ምክንያት የጨመረባት ወጪ አልነበረም። ፍርድ ቤቱም የአሠሪን የጽሕፈት መኪና ለግል ጉዳይ ከመጠቀም የተለየ አይደለም አለ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1982 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ የትምህርት ቦርድ ኮምፒዩተር የእሽቅድምድም ፈረሶችን የዘር ሐረግ መዝግቧል የተባለ ሠራተኛም ክሱ ተሰርዞለታል።

እነዚህን ፍርዶች ሰምቶ «እንግዲያው የመሥሪያ ቤት ዕቃ እንደ ግል ዕቃ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን ፈጽሞ አልተረዳውም። ዳኞቹ ያሉት ሥራው መልካም ነው አይደለም፤ ስርቆት አይባልም ነው ያሉት። ወንጀል ያልሆነ ጥፋት ሁሉ ነውር ከመሆን አይድንም። ለዚህም የመሥሪያ ቤቱ ደንብ፥ ተግሣጽና ከሥራ ማሰናበት አሉ። እስር ቤት ለሌላ ዐይነት በደል የተሠራ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሥልጣን ያለው ሰው ተግሣጽ የሚበቃውን ጥፋት ሁሉ ወንጀል ለማድረግ ቢቸኩል፥ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከወንጀለኛነት የሚያመልጥ ሰው አይገኝም።

ደግሞም «ገባ» የሚለው አንድ ቃል እንኳ ብዙ አከራክሯል። በዋሽንግተን ግዛት አንድ ሰው የረጅም ርቀት ስልክ ኩባንያ የሚስጥር ቍጥሮችን ለማግኘት በኮምፒዩተሩ ደጋግሞ ሲደውል ተይዞ፥ በ1993 ዓ.ም. ጥፋተኛነቱ ጸና። በካንሳስ ግን ወደ ስልክ ኩባንያ ኮምፒዩተሮች ደጋግሞ የደወለው ሰው፥ የሚስጥሩን ቃል አልፎ መግባቱ ስላልተረጋገጠ፥ በ1996 ዓ.ም. ክሱ ውድቅ ሆነ። የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስተያየት፥ ወደ በር መቅረብና ወደ ቤት መግባት አንድ አይደሉም የሚል ነው። ኩባንያው ለምርመራና መጠበቂያውን ለማጠናከር ያወጣው ገንዘብም በሰውየው እንደ ደረሰ ጉዳት አልተቈጠረም።

የማዕከላዊው መንግሥት በ1984 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕግ አውጥቶ በ1986 ዓ.ም. አሰፋው። ግዛቶቹም እየተከታተሉ ሕግ አውጥተው በመጨረሻ ቬርሞንት በ1999 ዓ.ም. ተጨመረች። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2021 ዓ.ም. የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፥ በጆርጂያ ግዛት ገንዘብ ተቀብሎ የመኪና ሰሌዳ ቍጥር ከፖሊስ መዝገብ ፈልጎ ስላወጣ የፖሊስ መኰንን ሲፈርድ፥ መዝገቡን ለማየት ፈቃድ ያለው ሰው ለማይገባ ጉዳይ ስላየው ብቻ ያን የ1986ቱን ሕግ አልጣሰም ብሏል።

በአገራችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዳኛ በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር በሁለተኛው አንቀጽ ከልክሎ ነበር። በዚሁ መሠረት ኮምፒዩተር ሲመጣ አዲስ ድንጋጌ አስፈለገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት አንቀጾችን አስገባ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ወጣ። በዚህ አዋጅ ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒዩተር መግባት ራሱ ወንጀል ሆኖ፥ በተራው ጊዜ ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም በመቀጫ እንዲቀጣ ተደነገገ፤ ጥፋቱ ሲከብድ ቅጣቱም ይከብዳል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ንብረት በዓይን ባይታይና በእጅ ባይጨበጥም ንብረት መሆኑ አይቀርም፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚነካው ሰው ሊጠየቅበት ይገባል። ሁለተኛው፥ በዳዩ የቱንም ያህል ቢያስቈጣን፥ ቅጣቱ አስቀድሞ በግልጥ ከተጻፈ ሕግ ይውጣ፤ መጠኑም ከበደሉ አይብለጥ። አባቶቻችን በመንገድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙ ነበር። ይህ ቃል የሚያስቆመው ተበዳዩን ለመበቀል የቸኰለውንም ጭምር ነው። የመኪናው ዐይነት በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ቅጣትን ከቍጣ ለይቶ የሚያቆመው ግን ይኸው የቆየ ትእዛዝ ነው።