ዋሱ የት ነው ያለው? ከሴባስቶፖል እስከ አዲሱ የጭነት መኪና

አዲስ መኪና ነው። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ከደሴ ተነስቶ፣ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ሲያቀና አንዱ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ይወጣል። ሾፌሩ ጥጉን ይዞ ያቆማል። ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲመዘዝ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሏል፤ ውኃ ከዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ባለንብረቱ ለሻጩ ይደውላል። ዋስትናው ገና አላለቀም። ከወዲያ የሚመጣው መልስ አጭር ነው፦ «መጀመሪያ መኪናውን ወደ ጋራዣችን አምጡት።»

መኪናው መሄድ የሚችል ቢሆን ኖሮ ማን ይደውል ነበር?

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ በኩል በጭነት ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህችን መልስ ያውቃታል። ሻጩ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ያለው ደጋና ቁልቁለት ከዚያ በላይ ይደመራል። የባንክ ብድሩ ወለድ ግን መኪናው ቆመ ብሎ አይቆምም።

ነገሩ የአንድ ሻጭ ክፋት ወይም የአንድ ሾፌር ጥፋት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ከበስተጀርባው ግን ረዥም ታሪክ አለ። ይህ ደጋ «ማሽን ሲሰበር ማን ይጠየቃል?» የሚለውን ጥያቄ ከ150 ዓመት በላይ ያውቀዋል።

▪️ ዋስ ሰው በነበረበት ጊዜ

«ዋስትና» የሚለው ቃል የመጣው ከዋስ ነው። ዋስ ደግሞ ሰው ነው። በከብት ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው ዋስ ጥራ ይባላል። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ገዢው የሚይዘው ዋሱን ነው። ዋስ የሚሆነው ቤቱ የታወቀ፣ ዘመዱ የታወቀ፣ በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ የሚገኝ ሰው ነው። የዋሱ ጉልበት ያለው በእግር ተሂዶ የሚደረስበት በመሆኑ ነው።

የመኪና ሻጭ የሚሰጠው ደብተር ስሙን የወሰደው ከዚህ ነው። ስሙን ወሰደ እንጂ ሰውየውን ይዞ አልመጣም።

▪️ 70 ኩንታሉ መድፍ

ወደዚህ ደጋ ከገቡት ከባድ ብረቶች ሁሉ ስመ ጥሩው ሴባስቶፖል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለእጆችን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አሰልፈው አሠሩት። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል መንገድ እያስቆረጡ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ግማሽ ዓመት የሚጠጋ ጉዞ መሆኑ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ ይጠርጉ እንደነበር አብረው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ መድፉን የሠሩት ባለእጆች አብረው ተጉዘዋል። ሠሪው ከሥራው አልተለየም። ሠረገላው ቢሰበር የሚጠግነው፣ ብረቱ ቢሰነጠቅ የሚጠየቀው ሰው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበር።

ያም ሆኖ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ በእሮጌው ጦርነት ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። ምክንያቱ ከመጠን በላይ ባሩድ መጉረሱ ነው ይባላል። ጥፋቱ የሠሪው ነው ወይስ የተኳሹ? ዛሬ በየጋራዡ በር ላይ የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው። ሻጩ «የአጠቃቀም ችግር» ይላል፤ ባለንብረቱ «የፋብሪካ ችግር» ይላል። በመቅደላ ክርክሩን የሚሰማ ዳኛ አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ አለፉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ ተኝቷል፤ ቅጂው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

▪️ ጣሊያን የተወው ቋንቋ

ሞተር ያለው ከባድ መኪና በብዛት ወደ ወሎ የገባው ከወረራ ጋር ነው። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴ ገባ። ከዚያ በባዶሊዮ የተመራው ከ1600 በላይ ተሽከርካሪ ያለው ሰልፍ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቅሶ፣ ጣርማበር ላይ በጭቃና በተቆረጠ መንገድ ተይዞ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማዋ ደረሰ። በኋላ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚዘልቀው መንገድ ተሠራ፤ ጣርማበርም ተበሳ።

ልብ በሉ፤ መንገዱ የተሠራው በምሥራቅ በኩል ነው። ጋራዡም፣ ጎሚስታውም፣ የመለዋወጫ ሱቁም መንገዱን ተከትለው ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተተከሉ። ከደሴ በስተምዕራብ ያለው ደጋ እህሉን በበቅሎና በአህያ ማመላለሱን ቀጠለ። በዚያን ጊዜ የተሰመረው መስመር ዛሬም የጋራዥ ካርታ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ ብዙ መካኒኮቹ ቀሩ። ከእነሱ ጎን ቁልፍ ሲያቀብሉ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሙያውን ከነቋንቋው ወረሱት። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፦ የትኛውም ሾፌር የሚያውቃቸው እነዚህ ቃላት የጣሊያን ናቸው። ቃሉ የተረፈው ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ስለተላለፈ ነው።

▪️ ኤንትሬ ለምን ተወደደ?

በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያ ብድር የኢትዮጵያ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። መንገድ ሲሰፋ መኪና በዛ። በዚያ ዘመን ከገቡት መካከል እንደ ፊያት 682 ኤንትሬ የተወደደ የጭነት መኪና ጥቂት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፊያት ከመንግሥት ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አምቼ የተባለውን መገጣጠሚያ አቋቋመ።

ሽማግሌ ሾፌሮች ኤንትሬን ሲያነሱ «አይበላሽም ነበር» ይላሉ። ይበላሽ ነበር። ልዩነቱ ሲበላሽ የሚያውቀው ሰው በየከተማው መኖሩ ነው። ሞተሩ በቁልፍ፣ በመዶሻና በጆሮ ይጠገናል። የተበላሸውን ክፍል ቶርኖ ቤት አስቀርጾ፣ ከቆመ መኪና ነቅሎ፣ ካስፈለገም ከበርሜል ቆርጦ መንገድ መቀጠል ይቻላል። ለኤንትሬ የሚቆመው ዋስ የመካኒኩ እጅ ነበር፤ ያ ዋስ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወረ ኢሉም ይገኛል።

▪️ 1977 ያስተማረው

በ1977ቱ ረሃብ የዓለም እህል አሰብ ወደብ ሲደርስ፣ ከወደቡ እስከ ወሎ ደጋ ያለው ጉዞ ሌላ ፈተና ሆነ። ለጋሾች መኪና ሰጡ፤ ግን አንዱ አገር አንድ ዓይነት፣ ሌላው አገር ሌላ ዓይነት። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። አንዲት ትንሽ ዕቃ የጎደለችው አዲስ መኪና እህል በሚፈለግበት ሰዓት ትቆማለች። መንገድ የማይደርስባቸው የሰሜን ሸዋና የወሎ ደጋዎች እህሉን ከአውሮፕላን ሲወረወርላቸው አዩ።

የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኋላ የራሱን የጭነት መኪና ክፍል ሲያቋቁም፣ ከመኪኖቹ ጋር ጋራዥና መለዋወጫም አብሮ አሰናዳ። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፦ ጋራዥ የማይከተለው መኪና ግማሽ መኪና ነው። ይህ ትምህርት በረሃቡ ዘመን በሕይወት ዋጋ የተገዛ ነው። ከዚያ ወዲህ በግል ሻጭና በግል ገዢ መካከል ሲሆን ግን የተረሳ ይመስላል።

▪️ የዛሬው ሞተርና የዛሬው ደብተር

ዛሬ በደጋው መንገድ የሚታዩት አይሱዙና ሲኖትራክ ናቸው። ሕዝቡ በአደጋቸው ምክንያት የሰጣቸው ቅጽል ስም ይታወቃል፤ ሥራውን የያዙትም እነሱ ናቸው። ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ስንዴው፣ ዘይቱ በእነሱ ይገባል።

አዲሶቹ ሞተሮች ከኤንትሬ ይለያሉ። ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት፣ በረቂቅ ቀዳዳ ነው የሚረጨው። ከጀሪካን የተቀዳ፣ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ያንን ቀዳዳ ያበላሻል። ማደያ ርቆ ወይም ሰልፉ ቀናት ፈጅቶ ከጀሪካን ለመቅዳት የተገደደ ሾፌር ግን ምን ምርጫ አለው?

ከፍታውም የራሱ ሒሳብ አለው። መካነ ሰላም 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የለጋምቦ ደጋ ከዚያም ይበልጣል። በ3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ውኃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ገደማ ይፈላል። ሞተሩ እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ፣ ወይም ማቀዝቀዣ ፈሳሹ አልቆ የወንዝ ውኃ ከተሞላበት፣ ቴስታታው ይጣመማል። ከባድ ጭነት፣ ረዥም ዳገት፣ አነስተኛ ማርሽ ሲጨመርበት የቀረውን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ደብተሩን መግለጥ ነው። ዋስትናው ለዚህን ያህል ወር ወይም ለዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ነው፤ የቀደመው ይይዛል። ሰርቪስ በተፈቀደለት ጋራዥ ብቻ ይደረግ። ጥራቱ የተጠበቀ ነዳጅ ይሞላ። ከልክ በላይ አይጫን። ያልተፈቀደለት እጅ ሞተሩን ከፈታ ዋስትናው ይፈርሳል። እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ፋብሪካ ላልጠበቀው ጥፋት ሊጠየቅ አይገባም። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ደብተሩ የተጻፈው አዲስ አበባ ለሚውል መኪና ይሆናል። የመካነ ሰላም ባለንብረት በጥንቃቄ ቢይዝ እንኳ ሁሉንም ሊያሟላ ይቸግረዋል። በኤንትሬ ዘመን ዋስ የነበረው የአካባቢው መካኒክ ደግሞ፣ በዚህ ደብተር ፊት ዋስትና አፍራሽ ሆኗል።

ያለፉት ዓመታት ይህን አክብደውታል። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው ብዙ ንብረት ተዘረፈ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል። መኪናው ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የዋስትናው ወር ግን ይቆጠራል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ሄደ።

▪️ ሕጉ ምን ይላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዢው ደግሞ ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠበቃል። ስለዚህ የስልክ ጥሪ ብቻ አይበቃም። ቀን ያለው ጽሑፍ፣ የሰዓትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ፎቶ፣ የዘይቱ ናሙና፣ የሰርቪስ ደረሰኝ ያስፈልጋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ሁለት ችግር ግን አለ። አንደኛ፣ የጭነት መኪና ታርጋ ወጥቶለት፣ ካሳው ተሠርቶለት የመጀመሪያ ጭነቱን እስኪይዝ 15 ቀኑ ያልፋል። ሁለተኛ፣ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ቤቱን አስይዞ ተበድሮ አንዲት መኪና የገዛ ሰው በሕግ ዓይን ነጋዴ ነው። ከትልቁ አስመጪ ጋር እኩል ተዋዋይ ተደርጎ ይቆጠራል። ፊርማው ላይ ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱ ውሉን ያዘጋጃል፣ ሌላው ይፈርማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በመኪና ጉጉት ሳይነበብ የተፈረመው ውል ጉዳቱ የሚታየው ዳገት ላይ ነው።

▪️ ዋሱን ወደ ደጋው ማምጣት

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አስመጪ መኪና ለመሸጥ ፈቃድ ሲወስድ ቢያንስ በየዞኑ ከተማ አንድ የአካባቢ ጋራዥ አሠልጥኖ ውክልና እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻና መካነ ሰላም ሙያተኛ አላቸው። መኪናው በጥገና የቆመበትና መንገድ የተዘጋበት ቀን ከዋስትናው ላይ እንዳይቆጠር በውል ማስገባት ይቻላል። «አጠቃቀም ነው» ወይም «ፋብሪካ ነው» የሚለውን የሚለይ፣ ከሻጩም ከገዢውም ያልሆነ ባለሙያ አስቀድሞ መሰየም ይቻላል። መኪናውን ጎትቶ የማድረሱ ወጪ የማን እንደሆነ ከሽያጩ በፊት መጻፍ አለበት። ባለንብረቶችም በማኅበር ሆነው ሲገዙ እነዚህን ነጥቦች የማስገባት ጉልበት ያገኛሉ፤ ብቻውን የሚፈርም ሰው ያንን አያገኝም።

ቴዎድሮስ ሠሪዎቹን ይዘው ገደሉን ወረዱ። የኤንትሬ ሾፌር በየከተማው መካኒክ ነበረው። የዛሬው ገዢ በእጁ ያለው ደብተር ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ስለ ፈረስ ጉልበቱና ስለ ዋጋው ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ዋሱ ጉጉፍቱ ድረስ ይመጣል?