ከቃል ወደ ፊደል፦ የኳድራቲክ ቀመር አራት ሺህ ዓመት

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚወጣው አንድ ቀመር አለ፤ «ማይነስ ቢ፣ ፕላስ ኦር ማይነስ ስኩዌር ሩት ኦፍ ቢ ስኩዌር ማይነስ ፎር ኤሲ፣ ኦል ኦቨር ቱ ኤ።» በመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ላይ በሳጥን ተከብቦ ስለሚቀመጥ፣ አንድ ሰው አንድ ቀን አስቦ የጻፈው ይመስላል። መዛግብቱ የሚናገሩት ሌላ ነው። ስሌቱ ወደ አራት ሺህ ዓመት ይጠጋል፤ በአንድ መስመር የተጻፈው ቀመር ግን አራት መቶ ዓመት አይሞላውም። በመካከል ያለው ረጅም ዘመን ሰዎች ኳድራቲክ እኩልታን መፍታት ያቃታቸው ዘመን አልነበረም። እየፈቱት ኖረዋል፤ የጎደላቸው መጻፊያው ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም ቢኤም 13901 በሚል ቁጥር የተመዘገበ የሸክላ ጽላት ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 እና በ1600 መካከል በባቢሎናውያን ጸሐፍት እጅ፣ በአካድ ቋንቋ፣ በሽብልቅ መሰል ፊደል የተጻፈ ነው። 24 ጥያቄዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ጥያቄ በእኛ አነጋገር ሲቀርብ እንዲህ ነው፤ የአንድ ካሬ ስፋትና የጎኑ ርዝመት ተደምረው 3/4 ሆኑ፤ ጎኑ ስንት ነው? ባቢሎናውያን በ60 መሠረት ስለሚቆጥሩ 3/4ን 45 ብለው ይጽፉታል። ከጥያቄው ቀጥሎ መምህሩ ተማሪውን የሚያዝበት ተራ ይመጣል፦ 1ን ለሁለት ክፈል፣ 1/2 ይሆናል፤ በራሱ አባዛው፣ 1/4፤ ከ3/4 ጋር ደምረው፣ 1፤ የዚህ ዳግም ዘር 1 ነው፤ ከእሱ ያንኑ 1/2 ቀንስ፤ የካሬው ጎን 1/2 ነው። ተማሪ ዛሬ ቁጥሮቹን በቀመሩ ውስጥ ቢተካ የሚያልፍበት መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው። ጽላቱ ላይ ግን ቁጥርን የሚወክል ፊደል የለም፣ የመደመር ምልክት የለም፣ ይህ ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ አንድ ቃልም የለም።

ይህና መሰል የባቢሎን ጽላቶች በ1930ዎቹ በኦቶ ኖይገባወርና በፍራንሷ ቱሮ-ዳንዣን ታትመው ሲወጡ፣ ሁለቱም ሊቃውንት ያነበቧቸው እንደ ቁጥር ስሌት ነው፤ ባቢሎናዊው ጸሐፊ አልጀብራ ያውቅ ነበር፣ ምልክቱ ብቻ ጎደለው የሚለው አመለካከት ከዚያ ወዲህ ሰፍኖ ቆየ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዴንማርካዊው ዬንስ ሆይሩፕ ጽሑፎቹን ግሥ በግሥ መረመራቸው። እኛ «ደምር» የምንለውን ጸሐፍቱ በሁለት የተለያዩ ግሦች ይሉታል፤ ለማባዛትም እንዲሁ ከአንድ በላይ ግሥ አላቸው፤ አንዱ ሁለት ጎኖችን አጋጥሞ አራት ማዕዘን ማቆምን ብቻ ይመለከታል። ሆይሩፕ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ጸሐፊው የሚያወራው ስለ እውነተኛ ስፋት ነው የሚል ነው። በካሬው ጎን ላይ ወርዱ 1 የሆነ አራት ማዕዘን ይለጠፋል፤ ያ አራት ማዕዘን ለሁለት ይሰበራል፤ ግማሹ ከሌላው የካሬው ጎን ጋር ይገጠማል። አንድ ማዕዘን ጎድሎ ይቀራል። ጎኑ 1/2 የሆነ ትንሽ ካሬ ሲሞላበት ትልቁ ካሬ ሙሉ ይሆናል፣ ስፋቱም 1። ይህ ንባብ ለእኔ ከቀደመው ይልቅ አሳማኝ ነው፤ የግሦቹን ልዩነት የሚያስረዳው እሱ ብቻ ነውና። ተማሪ «ካሬ ማሟላት» እየተባለ በምልክት ብቻ የሚማረው ዘዴ መነሻው በትክክል ካሬ ማሟላት ነበር ማለት ነው።

ጥንታዊ ጽሑፍን በኋላ ዘመን ምልክት መተርጎም ምን ያህል እንደሚያሳስት የታሪክ ጸሐፊዎች የተከራከሩት በባቢሎን ላይ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የጻፈው ዩክሊድ በሁለተኛው መጽሐፉ አራተኛ አንቀጽ ላይ አንድን መስመር ለሁለት ቢከፍሉት፣ በሙሉው መስመር ላይ የሚቆመው ካሬ ከሁለቱ ክፍሎች ካሬዎችና በክፍሎቹ ከተሠራው አራት ማዕዘን እጥፍ ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጣል። እኛ ይህን የኤ ሲደመር ቢ ስኩዌር ብለን እናነበዋለን። ሳቤታይ ኡንጉሩ በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ንባብ ዩክሊድን ያላሰበውን ያናግረዋል ብሎ ሲነሣ፣ እንደ ቫን ደር ቫርደን ያሉ ታላላቅ የሒሳብ ሰዎች በቁጣ መለሱለት። ዛሬ አብዛኛው የታሪክ ተመራማሪ ወደ ኡንጉሩ ያደላል።

በሕንድ ብራህማጉፕታ በ628 በጻፈው ድርሳን ስለ ሀብትና ዕዳ ቁጥሮች፣ ማለትም ከዜሮ በላይና በታች ስላሉት፣ የመደመርና የማባዛት ደንብ ሰጥቷል፤ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ሀብት እንደሚሆንም ጽፏል። ለኳድራቲክ እኩልታም በቃል የተነገረ ደንብ አለው። የዕዳ ቁጥሮቹ ነጥብ ኋላ ያስፈልገናል፤ ከእሱ በኋላ በባግዳድም በአውሮፓም የኳድራቲክ ደንቦችን የጻፉት ሰዎች ለብዙ ዘመን ለእንዲህ ያሉ ቁጥሮች ቦታ አልሰጡምና።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ወደ ባግዳድ እንመጣለን። ከ813 እስከ 833 በነገሠው በኸሊፋ አል-ማሙን ዘመን፣ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የአልጀብራን ስም የሰጠውን መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉን ዓላማ ራሱ በመግቢያው ያስቀምጠዋል፤ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንግድ፣ በክርክር፣ መሬት ሲለኩና ቦይ ሲቆፍሩ የሚያስፈልጋቸውን ስሌት ማቅረብ ነው። የመጽሐፉ ግማሽ ያህሉ የውርስ ክፍፍል ጥያቄ መሆኑን ስለ አልጀብራ ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ይዘሉታል። መዝለል የለባቸውም። የእስልምና ሕግ ለእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻውን በክፍልፋይ ይወስናል፤ ሟች ለባዕድ ሰው ከተናዘዘ ደግሞ ድርሻዎቹ እርስ በእርስ ይጠላለፋሉ፤ ያንን ለመፍታት የማይታወቀውን መጠን «ነገር» ብሎ ሰይሞ መሥራት የየዕለት ፍላጎት ነበር።

በኳድራቲክ እኩልታ ላይ አል-ኸዋሪዝሚ አንድ ደንብ የለውም፤ እኩልታዎቹን በስድስት ዓይነት ይከፍላቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከዜሮ በታች የሆነ መጠን በእኩልታ ውስጥ ራሱን ችሎ አይቆምም። ስለዚህ ካሬና ሥሮች (ሥር ማለት የካሬው ጎን፣ የማይታወቀው ቁጥር ነው) ከቁጥር ጋር ሲተካከሉ አንድ ዓይነት፣ ካሬና ቁጥር ከሥሮች ጋር ሲተካከሉ ሌላ ዓይነት ነው። ታዋቂው ምሳሌው አንድ ካሬና አሥር ሥሮቹ 39 ይሆናሉ የሚለው ነው። የሥሮቹን ቁጥር ግማሽ ውሰድ፣ 5፤ በራሱ ሲባዛ 25፤ ከ39 ጋር 64፤ ዳግም ዘሩ 8፤ 5 ሲቀነስ 3። ከዚያ ባቢሎናዊው ያላደረገውን ያደርጋል፤ ምክንያቱን በሥዕል ያሳያል። በካሬው ሁለት ጎኖች ላይ ወርዳቸው 5 የሆኑ አራት ማዕዘኖችን ገጥሞ፣ የጎደለውን ማዕዘን በ25 ሞልቶ፣ ስፋቱ 64 የሆነ ሙሉ ካሬ ላይ ይደርሳል።

ካሬና 21 ከአሥር ሥሮች ጋር ሲተካከሉ ደግሞ ሁለት መልስ ይሰጣል፣ 3 እና 7። እዚያው ላይ አንድ ማሳሰቢያ ይጨምራል፤ የሥሮቹ ግማሽ በራሱ ተባዝቶ ከቁጥሩ ካነሰ ጥያቄው አይፈታም፤ እኩል ከሆነ ሥሩ ራሱ ግማሹ ነው። ተማሪ «ዲስክሪሚናንት» ብሎ የሚማረው ፍተሻ ይኸው በቃል የተነገረው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ምልክት የለም፤ ቁጥሮቹ እንኳ በቃል ናቸው። በእጃችን ያለው ታዋቂ ቅጂ፣ በኦክስፎርድ የሚገኘው፣ በ1342 የተገለበጠ ስለሆነ ከደራሲው በአምስት መቶ ዓመት ይርቃል። መጽሐፉ ወደ ላቲን የተመለሰው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ የቼስተሩ ሮበርት በ1145 በስፔኗ ሴጎቪያ ተርጉሞታል።

ምልክቶቹ በአውሮፓ ተራ በተራ መጡ። የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች በ1489 በላይፕሲግ በታተመው የዮሐንስ ቪድማን የንግድ ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ይታያሉ፤ የዳግም ዘር ምልክት በ1525 በክሪስቶፍ ሩዶልፍ፣ የእኩል ምልክት በ1557 በዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ መጽሐፍ። ሚካኤል ሽቲፌል በ1544 የኳድራቲክ ዓይነቶችን በአንድ ደንብ ጠቀለላቸው፤ እንደ ዓይነቱ የሚለወጠው መደመሩና መቀነሱ ብቻ ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ ሲሆን ቀመር ገና የለም። ደንቡ የሚታየው በምሳሌ ነበር፤ 10 እና 39 ለሁሉም ቁጥሮች ወኪል ሆነው። እንዲህ ባለ ሥራ መልሱ 3 ከወጣ በኋላ የመጣበት መንገድ አይታይም፤ 10ሩም 39ኙም በ3 ውስጥ ጠፍተዋል።

ይህን የለወጠው ፍራንሷ ቪየት ነው፤ በሙያው ጠበቃና የንጉሥ አማካሪ፣ የጠላትን ምስጢራዊ ደብዳቤ በመፍታትም የታወቀ። በ1591 በቱር ባሳተመው መጽሐፍ ለማይታወቁት መጠኖች አናባቢ ፊደላትን፣ ለሚታወቁት ተነባቢ ፊደላትን መደበ። ለማይታወቀው ስም ወይም ፊደል መስጠት አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ለሚታወቀው ፊደል መስጠት ነው። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ መልሱ ቁጥር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመጣበትን ስሌት ይዞ የሚታይ አገላለጽ ሆነ። ቪየት ግን ካሬን በቃል ነው የጻፈው፤ ከዜሮ በታች የሆነ መልስም አልተቀበለም።

ሬኔ ዴካርት በ1637 በላይደን ባሳተመው ጂኦሜትሪ የዛሬውን ልማድ አቆመ፤ የፊደል ገበታው መጀመሪያ ለሚታወቁት፣ መጨረሻው ለማይታወቁት፣ ርቢውም ከፊደሉ በላይ በትንሽ ቁጥር። ገጹን የሚገልጥ ተማሪ አጻጻፉን ያለ ችግር ያነበዋል። ሆኖም ኳድራቲክ እኩልታን የሚፈታው ካሬ፣ ሥርና ቁጥር አብረው የሚገኙባቸውን ሦስት ዓይነቶች ለየብቻ ወስዶ ነው፣ ልክ አል-ኸዋሪዝሚ እንዳደረገው፤ ከዜሮ በታች የሆኑትን መልሶች ደግሞ «ሐሰተኛ ሥሮች» ይላቸዋል። ፊደሎቹ ከዜሮ በላይ የሆነ መጠንን ብቻ ነው የሚወክሉት። አንድ ፊደል ከዜሮ በላይም በታችም የሆነ ቁጥር እንዲወክል በማድረግ ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው ሆላንዳዊው ያን ሁደ ነው፤ ጽሑፉ የታተመው በ1659፣ ከዴካርት ጂኦሜትሪ የላቲን ትርጉም ጋር ነው። ብራህማጉፕታ ለዕዳ ቁጥሮች ደንብ ካወጣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ሳጥን ውስጥ ያለው ነጠላ ቀመር ሊጻፍ የሚችለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቢ ከዜሮ በታች መሆን ካልቻለ አንድ ቀመር ሦስቱን ዓይነቶች አይሸፍንምና።

መማሪያ መጽሐፉ ከቀመሮቹ አስቀድሞ የሚያስተምራቸው ባሕርያት፣ ኮምዩታቲቭ፣ አሶሲየቲቭና ዲስትሪቢዩቲቭ የሚባሉት፣ በመዛግብቱ ውስጥ ስማቸው የሚገኘው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ይዘታቸው ጥንታዊ ነው፤ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ቢባዙ ውጤቱ እንደማይለወጥ ዩክሊድ በሰባተኛው መጽሐፍ አረጋግጦታል። ለቁጥር ግን ስም አላስፈለገም፤ የማይታዘዝ ቁጥር አልታወቀምና። ፈረንሳዊው ፍራንሷ-ጆሴፍ ሰርቯ በ1814 ኮምዩታቲቭና ዲስትሪቢዩቲቭ የሚሉትን ስሞች ያወጣው በፈንክሽኖች ላይ ሲሠራ ነው፤ ፈንክሽን ደግሞ ተራው ሲለወጥ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል። ጥቅምት 16 ቀን 1843 ዊልያም ሮዋን ሐሚልተን በደብሊን ቦይ ዳር ሲሄድ ያገኛቸው ባለ አራት ክፍል ቁጥሮች፣ ኳተርኒየኖች፣ ሲባዙ ቦታ መለዋወጥ አይችሉም፤ ተራው ሲገለበጥ የውጤቱ ምልክት የሚገለበጥባቸው አሉ። አሶሲየቲቭ የሚለውን ስም ለሒሳብ የሰጠውም እሱ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወዳጁ ጆን ግሬቭስ ባለ ስምንት ክፍል ቁጥሮችን አግኝቶ ጻፈለት። ሐሚልተን በ1844 ሲመረምራቸው፣ ሦስቱን ሲያባዙ ከፊተኞቹ ሁለት መጀመርና ከኋለኞቹ ሁለት መጀመር አንድ ዓይነት ውጤት እንደማይሰጥ፣ ማለትም አሶሲየቲቭ እንዳልሆኑ፣ ተገነዘበ።