የአርባ ምንጭ ውሃ ከወዴት ነው?

የአገራችን ከተሞች ስማቸውን ያገኙት ከብዙ ነገር ነው፤ ከሰው፣ ከተራራ፣ ከአበባ፣ ከገበያ ቀን። በጋሞ ምድር የምትገኘው አርባ ምንጭ ግን የተጠራችው በምትጠጣው ውሃ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ የደረሰ መንገደኛ ዓባያንና ጫሞን፣ የጫሞንም አዞዎች ሳያይ መመለስ አይወድም። ወደ ምንጮቹ ጎራ ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጥያቄ አያልፍም፤ «ለመሆኑ በእውነት አርባ ናቸው?»

በዚህ ቁጥር ስም አውጪውን መሞገት አይገባም። አርባ በአማርኛ ከቁጥርም በላይ ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ የሟች ተዝካር የሚወጣው በአርባ ቀን ነው፤ ዕድልም ቢሆን «የአርባ ቀን» ትባላለች። ስሙን ያወጣው ሰው «ብዙ» ለማለት «አርባ» ያለ ይመስለኛል። ምንጮቹም ለቆጠራ አይመቹም፤ ከድንጋይና ከዛፍ ሥር እየፈለቁ ጥቂት እንደሄዱ ስለሚቀላቀሉ የአንዱን ድንበር ከሌላው መለየት ያስቸግራል። የሚሻለው ጥያቄ «ስንት ናቸው?» ሳይሆን «ከወዴት መጡ?» የሚለው ነው።

የከተማይቱ ዕድሜ ረጅም አይደለም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ አስቀድሞ ጨንቻ ነበረች፤ ብርዷ የከበደ፣ ጉም የማይለያት የደጋ ከተማ። መቀመጫው ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በላይኛዋ ሼቻና በታችኛዋ ሲቀላ ተከፍላ አደገች። ምንጮቹ ያሉት ከሁለቱም በታች ስለሆነ ውሃው በሞተር እየተገፋ ሽቅብ ይወጣል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተከፈተውም በዚችው ከተማ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በ1966 ዓ.ም. የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ምንጮቹና በዙሪያቸው ያለው ደን በክልሉ ውስጥ ገቡ። ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ የተከለለው በዋነኛነት ለምንጭ ተብሎ አልነበረም፤ ከሐይቆቹ ማዶ ባለው ነጣ ያለ የሣር ሜዳ ላይ ለሚሰማራው የስዌይን ቆርኬ እንጂ። ቆርኬው እየተመናመነ ሄደ። ውሃው ግን ዛሬም ይፈልቃል።

የዚህ ውሃ መነሻ ከፓርኩ ውጭ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ከከተማዋ በስተምዕራብ ቀጥ ብለው በቆሙት የጋሞ ደጋዎች ላይ ነው። ከዚያ በአፈሩና በተሰነጣጠቀው ዓለት ውስጥ ሰርጎ፣ ቀስ እያለ ቁልቁል ተጉዞ፣ የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ በሚያበቃበት ግርጌ ብቅ ይላል። በቆላ ሙቀት መካከል እነዚያ ግዙፍ የሾላ ዛፎች፣ እነ ጉሬዛና ዝንጀሮ የሚዘልሉበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ሊኖር የቻለው ሥሮቹ ከዚህ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚጠጡ ነው። ደኑ የቆላ ዝናብ ብቻ ያበቀለው አይደለም፤ የደጋው ዝናብ ልጅ ነው።

የጋሞ ሽማግሌዎች ፓርክ የሚባል ነገር ከመምጣቱ አስቀድሞ በየደጋው የተከበሩ ደኖች ነበሯቸው። ዛፍ የማይቆረጥባቸው፣ የአምልኮና የቀብር ሥፍራ የሆኑ ደኖች ናቸው። ጉዳይ የሚመከረውም ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ሸንጎ ነበር። ከእነዚህ ደኖች አንዳንዶቹ እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ዘበኛና ደረሰኝ ሳይኖር፣ በነውርና በፍርሃት ብቻ የተጠበቁ ናቸው።

በታች ያለው ጥበቃ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በደርግ ዘመን በፓርኩ ውስጥ ከብት ያረቡ የነበሩ ጉጂዎች በኃይል እንዲወጡ ተደረገ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ተመልሰው ገቡ። በ1996 ዓ.ም. ፓርኩን እንዲያስተዳድር ለአንድ የውጭ ድርጅት ተሰጠ፤ ነዋሪውን የማስወጣቱ ጉዳይ እንደገና ተነሣ፤ ብዙም አከራከረ። ድርጅቱም ሥራውን እንደሚለቅ በ2000 ዓ.ም. አስታወቀ። የደኑ ጠርዝ ደግሞ ማገዶ ለቅመው፣ በጀርባቸው አዝለው ከተማ ገብተው በሚሸጡ ድኾች እጅ ላይ ነው። ከተማው ከምንጩ የቀዳውን ውሃ ምንጩን በሚጠብቀው ዛፍ አፍልቶ ቡና ይጠጣል ማለት ነው። እንጨት ተሸካሚዋን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሌላ እንጀራና ሌላ ማገዶ ማቅረብ ግን የሁላችንም ዕዳ ነው።

የምንጭ አፍ አንድ ቦታ፣ እናቱ ሌላ ቦታ መሆኗ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በጎረቤታችን ኬንያ፣ በምዕራብ ጻቮ ፓርክ ውስጥ ምዚማ የሚባል ጥሩ ምንጭ አለ። ጉማሬ የሚዋኝበት ይህ ውሃ በቧንቧ ተጉዞ የሞምባሳን ሕዝብ ያጠጣል። መነሻው ግን በቺዩሉ ኮረብታዎች ላይ የሚጥለው ዝናብ ነው። ኮረብታዎቹም በ1983 እ.ኤ.አ. በስማቸው ፓርክ ተከልሎላቸዋል። በእኛ ዘንድ የምንጩ አፍ በፓርክ ካርታ ላይ አለ፤ እናቲቱ ግን ከካርታው ውጭ በገበሬው እርሻና በሽማግሌው ቃል ላይ ቀርታለች።

ስለዚህ አርባ ምንጭን ለመጎብኘት ያሰበ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢገለብጥ መልካም ነው። መጀመሪያ ጨንቻ ይውጣ፤ ዝናቡና ጉሙ ያግኘው፤ የደጋውን ደን ይይ፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ከምንጩ ይጠጣ። ያን ጊዜ የሚጠጣው ትናንት የወረደበትን ዝናብ ሳይሆን ቀደምቶቹ ከጠበቁት ደን ሥር የሰረገውን የቆየ ውሃ መሆኑን ያውቃል። ወደፊት ለሚመጣው የሚተርፈው ግን ዛሬ በደጋው ላይ የሚሰርገው ነው።